ቀድሞ የተገለጠው የዓይን ቆብ

ጅማ ውስጥ ለሕክምና ተማሪዎች ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ወደ ካንሰር መድኃኒቶቹ ቶሎ እንድንደርስ ይቸኩላሉ፤ እኔ ግን በአሜሪካዊው ባዮኬሚስት በስታንሊ ኮኸን ትሎች እጀምራለሁ። በዝናብ ማግስት አዌቱ ወንዝ ዳር የሚርመሰመሰውን የሚያውቁ ልጆች ናቸውና ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

ኮኸን በ1922 ብሩክሊን የተወለደ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለዶክትሬቱ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሌሊት ሌሊት እየዞረ ከ5,000 በላይ የምድር ትል ለቅሟል። ትል ሲራብ አሞኒያ ማስወጣቱን ትቶ ዩሪያ የሚያስወጣው እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ለዚህ ዛሬ ማን ገንዘብ ይሰጣል?

በኋላ ከጣሊያናዊቷ የነርቭ ተመራማሪ ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር ነርቭን የሚያሳድገውን ንጥረ ነገር ሲፈልግ፣ ከአይጥ የምራቅ ዕጢ የተጨመቀውን ፈሳሽ ለአይጥ ግልገሎች ወጋ። የግልገል ዓይን የሚገለጠው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ የእነዚህ ግን በሳምንቱ ተገለጠ፤ ጥርሳቸውም ቀድሞ በቀለ። ብዙዎቻችን “ፈሳሹ በደንብ አልተጣራም” ብለን እናልፈው ነበር። ኮኸን ግን ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላም ይህችን የዓይን ቆብ አልለቀቃትም፤ በ1962 ኢጂኤፍ (የቆዳ ሕዋሳትን የሚያሳድግ ንጥረ ነገር) የተባለውን ፕሮቲን ለይቶ አወጣ። በ1986 ከሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ኢጂኤፍ 53 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ብቻ ያላት ትንሽ ፕሮቲን ናት፤ ትእዛዟን ለማድረስ ወደ ሕዋሱ መዝለቅ አያስፈልጋትም። የጎረቤት ልጅ ከአጥር ውጭ ሆና “ቡና ጠጡ!” ስትል ቤተሰቡ ብድግ እንደሚለው ነው። ተቀባዩ ፕሮቲን የሕዋሱን ሽፋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ውጭ ያለው ጫፉ ኢጂኤፍን ሲይዝ፣ ውስጥ ያለው ጫፉ ታይሮሲን በሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ከዚያ መልእክቱ እየተቀባበለ “ተከፋፈል” የሚለው ትእዛዝ ኒውክሊየሱ ዘንድ ይደርሳል። በአንዳንድ ካንሰሮች ተቀባዩ ተበላሽቶ፣ ማንም ሳይጠራ ቤተሰቡ ሲነሣ ይውላል።

ተማሪዎቼ የጓጉለት ክፍል እዚህ ላይ ይመጣል። የተቀባዩን ወንድም፣ ኸር2 የተባለውን ሌላ ተቀባይ የሚይዘው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት በ1998 አሜሪካ ውስጥ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ፤ የኢጂኤፍን ተቀባይ ራሱን የሚያግደውና ለሳንባ ካንሰር የሚሰጠው ጄፊቲኒብ ደግሞ በ2003። ከዓይን ቆቧ እስከዚህ ከ40 ዓመት በላይ ነው።

ዘንድሮ አንዲት ተማሪ “መምህር፣ ታዲያ ጄፊቲኒብ ሠርቶ ሠርቶ ለምን ይከዳል?” አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ በተቀባዩ 790ኛ ቦታ ያለው ትሪዮኒን በሜቲዮኒን ይተካል፤ በአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ ብቻ መድኃኒቱ ይሸነፋል። ኦሲመርቲኒብ የተባለው ሌላ መድኃኒት የተሠራው ይህንኑ ለመቋቋም ነው፤ እሱንም የሚያመልጡ ሕዋሳት አሉ።