ትንሽ ሽጉጥ፣ ትልቅ ጥይት፦ ከባንኮኒው ጀርባ የማይነገረው

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ ሱቅ ነው፤ ዘግቼ የምወጣው በእኩለ ሌሊት። በልብስ ስር የሚያዝ ሽጉጥ ልግዛ ብዬ ስነሳ ከ45 ካሊበር በታች አልፈልግም ነበር፤ ካሊበር የጥይቱ ውፍረት ነው። የ45ቱ አረር 15 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቀጠን ያለው የናይን ሚሊሜትር ጥይት አረር ከ10 ግራም እምብዛም አይበልጥም። ለእኔ ክርክሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር።

በልብስ ስር ይዞ ለመሄድ የሚያስፈልገው ፈቃድ አያስቸግርም። ስልጠናውን በአካል ትወስዳላችሁ፤ የኦንላይን ሰርተፍኬት ከ2021 ወዲህ አይሠራም። ሰርኪዩት ኮርት ለሚባለው የአካባቢያችሁ ፍርድ ቤት ታመለክታላችሁ፣ ክፍያው ከ50 ዶላር አያልፍም፣ በ45 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል፣ ለ5 ዓመት ያገለግላል።

ሽጉጦቹን ኢላማ መተኮሻ ቦታ ተከራይቼ ሞከርኳቸው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ 45 ቀጭን ናት፤ ባዶዋን 580 ግራም ገደማ፣ እንደ ካርታዋ (እንደ ጥይት መያዣዋ) 6 ወይም 7 ጥይት ትጎርሳለች። ስፕሪንግፊልድ ኤክስዲ ኤስም የእሷ ቢጤ ናት፤ በአጭሩ ካርታ 5 ትጎርሳለች። ግሎክ 30 ወፍራም ነው፤ 750 ግራም ገደማ፣ አስር ጎራሽ።

ቀጫጭኖቹ ወገብ ላይ ሲውሉ አይሰሙም። ሲተኮሱ ግን በቅሎ ናቸው። ጥይቱ ያው፣ ሽጉጡ ቀላል፤ እርግጫው የት ይሂድ? የመጀመሪያውን ጥይት ማንም ይተኩሳል። ሁለተኛውን ለመድገም እጅ ወደ ቦታው እስኪመለስ ነው ጣጣው። ደግሞ የሁለቱም አፈሙዝ 8.4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። አፈሙዝ ባጠረ ቁጥር የጥይቱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ 45 ያስመረጣችሁን ጉልበት ከፊሉን እዚያው ትተዉታላችሁ።

ግሎኩን መርጬ ወደ ሱቅ ሄድኩ። የለም። ሻጩ ሌላ አወጣልኝ፤ ከሺልድም የቀለለች፣ መዳፍ የማትሞላ 45። ስሟን አልጠራም። «ሽጉጥ የሚጠቅመው ሁልጊዜ ስትይዘው ነው፣ ቀላሉን ውሰድ» አለኝ። አሰልጣኙም ያንኑ ሲደጋግም ነበር። ገዛኋት።

በድቡልቡሉ የልምምድ ጥይት ደህና ነበረች። ራስን ለመከላከል የሚያዘውን ሆሎ ፖይንት፣ ጫፉ ክፍት የሆነውን ጥይት፣ ሳጎርሳት ነከሰች፤ ጥይቱ መሃል ላይ ተቀረቀረ። አውጥቼ አቀባበልኩ፤ ደግማ ነከሰች። ሻጩ ጋ ስደውል «እጅህ ነው፣ አላጠበቅክም» አለኝ። የላላ እጅ ትንሽ ሽጉጥ እንደሚያስነክስ እውነት ነው። ስለዚህ አሰልጣኙን አስተኮስኩት። ክንዱ የእኔን ጭን ያህላል። እሱም ላይ ነከሰች።

መልሼ ወሰድኳት። «የተተኮሰ አንመልስም።» እሺ፣ በግማሽ ዋጋም ቢሆን ውሰዱና አሁን የገባውን ግሎክ ስጡኝ። «አይቻልም፣ በ30 ቀን አንድ ሽጉጥ ነው።» የቨርጂኒያ ሕግ ነው፤ ከ2020 ጀምሮ ተመልሷል። የመሸከም ፈቃድ ያለውን አይመለከትም፤ የእኔ ግን ገና ፍርድ ቤት ነበር። አንድ የመንግሥት ቢሮ ደወልኩ። በሙዚቃ ሲያስጠብቁኝ ቆይተው አንዷ ሠራተኛ ያንኑ 30 ቀን ነገረችኝና ዘጋችው።

ማታ ሕጉን ራሱን አነበብኩት። እዚያው ተጽፏል፦ አንዱን ሽጉጥ አስረክቦ በዚያው ግብይት ሌላ የሚወስድ ሰው በ30 ቀኑ አይያዝም። ሽጉጥ መሸጥ እንጀራው የሆነ ሰው ይህን አያውቅም? ያውቃል፤ ወይም ማወቅ አይጠቅመውም። በማግስቱ አትሜው ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ አነበበው፣ ሻጩን አየው፣ ምንም አላለም። ግሎኩን አገኘሁ። ለትንሿ የሰጡኝን ዋጋ ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወፍራም ሽጉጥ አይደበቅም የሚለውን አትስሙ። ልብስ የሚገፋው የእጀታው ጫፍ ነው፤ የግሎክ 30 እጀታ ደግሞ አጭር ነው። ገንዘባችሁን ጠንካራ ቀበቶና ጥሩ የሽጉጥ ማኅደር ላይ አውጡ። ሸሚዝ አንድ ቁጥር ከፍ ይበል። በቀጭን የሱሪ ቀበቶ ግን ሺልዷም ትንጠለጠላለች። እንድትይዙ ያሰባችሁትን ጥይት በያዛችሁት ሽጉጥ ሳትተኩሱ አትታጠቁ፤ ሆሎ ፖይንት ውድ ነው ብላችሁ አትሰስቱ።

ወንድሜ ቢጠይቀኝ ግን ናይን ሚሊሜትር ግዛ ነው የምለው። የአሜሪካ ፌደራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በ1986 ማያሚ ላይ በተኩስ ልውውጥ ሁለት ሰዎቹ ከተገደሉ በኋላ ወደ ከባድ ጥይት ዞሮ ነበር። ቆይቶ ወደ ናይን ተመለሰ። ዘመናዊው የናይን ጥይት በቂ ጥልቀት ይገባል፣ ሰዎቹም በእሱ የተሻለ ይመታሉ ብሎ ነው። እኔ 45ቱን የያዝኩት እልህ ስላለብኝ ነው። ልምምድ ላይ ጥይቱ ኪስ ያራቁታል።

ፈቃዱ ደግሞ ወንዝ አይሻገርም። ሜሪላንድ የቨርጂኒያን አይቀበልም፣ ዋሽንግተን ዲሲም የራሱን ይፈልጋል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለለቅሶ ስትሄዱ ሽጉጡን ቤት ቆልፋችሁበት ሂዱ። ኡበር የምትነዱም ኩባንያው በሥራ ላይ መሣሪያ እንደሚከለክል እወቁ።