ገል ማንበብ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ገል (የሸክላ ዕቃ ስባሪ) ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ የጓደኞቼ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ታዲያ ይሄ የየትኛው ሕዝብ ነው?» ሰሜን ሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ ይህን አለመጠየቅ ይከብዳል። መንዝ፣ ይፋት፣ ቡልጋ፣ ሁሉም የራሱ ታሪክ አለው። ለእኔ እየገባኝ የመጣው ግን ገል ስለ ዘር ከመናገሩ በፊት ሌላ ብዙ ነገር እንደሚናገር ነው። ሰዎቹ ጭቃውን እንዴት እንደያዙት፣ ምን እንዳበሰሉበት፣ ሟቻቸውን እንዴት እንደቀበሩ።

አብረን ለምንማር ሁሉ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ከማሳ ወይም ከድሮ መቃብር ገል አይለቀምም። ሕጉም አይፈቅድም፤ የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ያለ ፈቃድ መቆፈርና መሰብሰብን ይከለክላል። ደግሞ ከቦታው የተነሣ ገል ግማሽ ታሪኩን እዚያው ጥሎ ነው የሚመጣው። ከምን ጋር ነበር? በየትኛው የአፈር ንብርብር? ይህ ከጠፋ ጌጡ ብቻ ይቀራል። እኔ የምለማመደው በተሰበረ የቤት ዕቃ ነው። የተሰነጠቀ ጋን፣ የተጣለ ምጣድ፣ አንገቱ የረገፈ ጀበና በየጓሮው አይጠፋም።

አሁን ገል ስይዝ ከጌጡ በፊት ስብራቱን ነው የማየው። መሃሉ ጠቁሮ ጠርዙ ከቀላ ቃጠሎው አጭር ነበር ማለት ነው፤ ጭቃው ውስጥ የነበረው ገለባና ሥር ተቃጥሎ አላለቀም። ውስጡን በጣት ስዳብሰው አግድም ጉብ ጉብ ካለ፣ ጭቃውን እንደ ገመድ አድቦልቡለው በመደራረብ እንደሠሩት እጠረጥራለሁ። እንዲህ ያለ ዕቃ ብዙ ጊዜ በመጋጠሚያው ላይ ነው የሚሰነጠቀው።

ይህን ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ለአንዲት ሸክላ ሠሪ አነሣሁላቸው። «እትዬ፣ የእርስዎን ዕቃ ከሌላ ሰው ዕቃ መካከል ይለዩታል?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «እጄን አጣዋለሁ እንዴ ልጄ!» ብለው አንዱን ጀበና አንሥተው አንገቱ ከሆዱ የሚገጥምበትን አሳዩኝ። እሳቸው ከእናታቸው እንደተማሩት ነው የሚያያይዙት። ከጎናቸው ያሉት ሴት ሌላ ዘዴ አላቸው።

ኦሊቪዬ ጎስላን የተባለ ተመራማሪ ካሜሩን ውስጥ ሸክላ ሠሪዎችን ሲያጠና ያስተዋለው ይህንኑ ይመስላል። ጌጥ በቀላሉ ይኮረጃል፣ ገበያው ሲፈልግ ይለወጣል። ጭቃን የማነጽ ዘዴ ግን በልጅነት ከቅርብ ሰው የሚለመድ የእጅ ልማድ ስለሆነ ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ጋብቻን፣ ቋንቋንና ዝምድናን ለመከተል ከጌጥ ይልቅ አሠራሩ ይሻላል።

አጠቃቀሙም ሌላ ገጽ ነው። ጆን አርተር ጋሞ ውስጥ ባደረገው ጥናት የእህል መጠጥ የሚጠመቅባቸው ማሰሮዎች ውስጣቸው እንደሚቦረቦር አሳይቷል፤ ፍላቱ ሸክላውን ይበላዋል። መጠጡ ብዙ እህል ስለሚፈጅ ምልክቱ ጎልቶ የታየው ሀብታም ቤት ነው። የእኛ የጠላ ጋንም ከዚህ የሚርቅ አይመስለኝም። ምጣድማ ምን ይነገራል። ላይኛው ገጹ ልስልስ፣ ታችኛው ሻካራ የሆነ ጠፍጣፋ ገል የምግብ ባህል ነጋሪ ነው።

ወደ ጓደኞቼ ጥያቄ ልመለስ። ጀርመናዊው ጉስታፍ ኮሲና ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ዓይነት ዕቃ የተገኘበትን አገር የአንድ ሕዝብ ርስት ያደርገው ነበር። ሐሳቡን በኋላ ናዚዎች ለራሳቸው ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የዘረመል ጥናት ጉዳዩ ምን ያህል ውስብስብ እንደሆነ አሳይቷል። ከ4,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የደወል ቅርጽ ያለው ዋንጫ በአውሮፓ በሰፊው ተሰራጭቶ ነበር። በስፔን በኩልና በመካከለኛው አውሮፓ ይጠቀሙበት የነበሩት ሰዎች በዘር እምብዛም አይገናኙም። ብሪታንያ ላይ ግን ከዋንጫው ጋር ሰውም ገባ፤ ከጊዜ በኋላ 90 በመቶ የሚሆነው የዘር ግንድ ተተካ። ያው ዋንጫ፣ ሁለት ታሪክ።

ደጃችን ያለው ምሳሌ ደግሞ የሻይ ባህል ነው (ከምንጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም)። መንዝንና አካባቢውን ጨምሮ በከፍታው ላይ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የድንጋይና የአፈር ክምር መቃብር የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ከሟቾቻቸው ጋር የሸክላ ዕቃ፣ ጌጥና ከሩቅ አገር የመጣ የብርጭቆ ዶቃ ይቀብሩ ነበር። በዚያው ዘመን ክርስቲያኑም፣ በይፋት በኩል ያለው ሙስሊሙም ሟቹን ያለ ዕቃ ነበር የሚቀብረው። እኔን የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። የወጥ ድስት ከጎረቤት ሊገዛ ይችላል፤ መቃብር ውስጥ የሚቀመጠው ዕቃ ግን የእምነት ጉዳይ ነው። ሻይን እንደ አንድ ባህል ለማየት ይህ ሥርዓት ከየትኛውም ጌጥ ይልቅ ያሳምነኛል።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያስጠነቅቀኛል። በአገራችን ሸክላ የሚሠራውና በሸክላ የሚበላው ሁልጊዜ አንድ ወገን አልነበረም። ሸክላ ሠሪው ተገልሎና «ቡዳ» ተብሎ እየተሰደበ ዕቃው ግን በየቤቱ ይገባ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን በአዋጁ አላበቃም። እንግዲህ የወደፊት ቆፋሪ የእኛን ቤት ገል አግኝቶ «ሠሪውም በላተኛውም አንድ ሕዝብ ናቸው» ቢል ግማሹን ታሪክ ይዘለዋል።

አሁን የአፍ ገል፣ ማለትም ከዕቃው አፍ የተሰበረ ገል ላይ ነኝ። ወረቀት ላይ አንድ ማዕከል ያላቸውን ክቦች በየሴንቲሜትሩ ሥዬ፣ የገሉን ጠርዝ የሚገጥመው ክብ ላይ አስቀምጬ ዕቃው ምን ያህል ሰፊ እንደነበር እገምታለሁ። ለድስትና ለምጣድ ጥሩ ይሠራል፤ የጀበና አፍ ግን ትንሽ ስለሆነ እጄ ላይ ይንሸራተታል። የተሻለ ዘዴ ያለው ካለ ይጻፍልኝ።