ሪስ ከጠላቱ የወረሰው ገዳም

ምዕራብ ዌልስ የደረስሁት በካፊያ ነው። ከፖንትሪድቬንዲገይድ መንደር ተነስቼ በቴይቪ ወንዝ ሸለቆ በእግሬ ወደ ስትራታ ፍሎሪዳ ገዳም አቀናሁ። ግድግዳው አብዛኛው ፈርሶ ከሣሩ ብዙም ከፍ አይልም። ሳይወድቅ የቀረው የምዕራቡ በር ነው። ቅስቱን ድቡልቡል የድንጋይ ዘንጎች ተደራርበው ይዞሩታል፤ ዘንጎቹን ደግሞ በየመሀሉ የድንጋይ መቀነት ያስራቸዋል፤ የመቀነቶቹም ጫፍ ተጠቅልሎ ያልቃል። እንዲህ ያለ በር ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም፤ ዝናቡን ረስቼ ሥሩ ቆምሁ።

ገዳሙን በ1164 እ.ኤ.አ. የገደመው ሮበርት ፊትዝስቲቨን የተባለ የኖርማን ወገን ባላባት ነው። ሲስተርሲያን የተባለውን የካቶሊክ ማኅበር መነኮሳት ከዊትላንድ ገዳም አስመጣ። በማግስቱ ዓመት ግን የደቡብ ዌልሱ ልዑል ሪስ አፕ ግሪፊድ አገሩን አስመለሰ፤ ሮበርትንም ማረከው። ባዕዳን አልነበሩም፤ የሮበርት እናት ኔስት የሪስ አክስት ናት።

ሪስ ጠላቱ ያመጣቸውን መነኮሳት አላባረረም። ጉልት ጨመረላቸው፤ በ1184ም ርስታቸውን በሰነድ አጸናላቸው። ትልቁ ሰውነቱ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። መነኮሳቱም ሥራ ወዳዶች ነበሩ፤ ሌላው በናቀው ደጋ በግ አርብተው ሱፍ ሸጡ፤ ከመጀመሪያው ቦታ ራቅ ብሎም ይህን ቤተ ክርስቲያን አነጹ። በ1201 በጰራቅሊጦስ ዋዜማ ገቡበት። ሪስ ግን ይህን ሳያይ በ1197 አርፎ በቅዱስ ዴቪድ ካቴድራል ተቀብሯል።

ልጆቹ እዚህ ናቸው። ግሪፊድና ማይልጉን በአባታቸው ወንበር ተጣልተው፣ ማይልጉን ወንድሙን አሳስሮ ለባላንጣ አሳልፎ እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። ግሪፊድ በ1201 ሞተና እዚሁ ተቀበረ፤ ማይልጉንም በ1231 ተከተለው። በሕይወት ሳሉ ያልታረቁትን አንድ አጥር አስተኛቸው። በመቃብሩ ስፍራ መስቀል የተቀረጸባቸውን ድንጋዮች እያየሁ ከሁሉ ያሳዘነኝ የእነርሱ ነገር ነው።

የገዳሙ ደጋፊነት ኋላ ወደ ሰሜን ዌልሱ ታላቁ ልዌሊን ዞረ። ልዌሊን በጥቅምት 1238 የዌልስን መሳፍንት ሁሉ እዚህ ሰብስቦ ለልጁ ለዳቪድ ታማኝነታቸውን በመሐላ አስገባ። ዳቪድ የእንግሊዙ ንጉሥ የጆን ልጅ ከሆነችው ከጆአን የተወለደ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ግሪፊድ (ከሪስ ልጅ ከግሪፊድ ሌላ ነው) ግን ከሌላ እናት ነበር፤ በአገሩ ልማድም የድርሻ ጥያቄ ነበረው። መሐላው በቤተ መንግሥት ሳይሆን በገዳም መሆኑ ትክክል ይመስለኛል፤ ከደቡቡ መሳፍንት የአንዳንዶቹ አባቶች ያረፉት እዚሁ ነው። ልዌሊን ራሱ ከሁለት ዓመት በኋላ የምንኩስና ልብስ ለብሶ በአበርኮንዊ ገዳም ሞተ። ዳቪድም በ1246 ወራሽ ሳይተው አለፈ።

ከጣሪያ በታች የተጠበቁትን የወለል ንጣፎች ሳያዩ መውጣት ያስቆጫል። በአንደኛው ላይ መስታወት የያዘ ሰው ተስሏል።

በ1539 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳሙን አዘጋ። ከዚያ በፊት ግን መነኮሳቱ የመሳፍንቱን ዜና መዋዕል እዚህ በላቲን እንዳጠናቀሩት ይታመናል። የላቲኑ ቅጂ ጠፍቷል፤ በዌልሽ ቋንቋ የተተረጎመው ግን ደርሶናል። የሪስ ልጆች ጠብም ሆነ የ1238ቱ መሐላ የተመዘገበው በእርሱ ነው።