በቤተ ሙከራ ጠንካራ፣ በመንገድ ላይ ተሰንጣቂ፦ አሮጌ አስፋልትን መልሶ የመጠቀም ልምዴ

ከአሮጌ መንገድ ላይ በማሽን የተፋቀ አስፋልት 30 በመቶ የገባበትን ድብልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ፣ በቤተ ሙከራ ያገኘሁት ጥንካሬ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ዕቃ ከተሠራው ስለበለጠ ሥራው የተሳካ መስሎኝ ነበር። ለሙከራ ያነጠፍነው ክፍል ግን ሁለተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ በቀጫጭን ስንጥቆች ተሸፈነ፤ በስንጥቆቹ የገባው ውሃም ጠጠሩን ይነቅለው ጀመር።

ምክንያቱን ፍለጋ አሮጌውን ሬንጅ በማሟሟቻ ከጠጠሩ ለይተን በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በመርፌ ፈተንነው። 60/70 የሚባለው አዲስ ሬንጅ 100 ግራም የተጫነበትን መርፌ በ5 ሰከንድ ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ያስገባል፤ የእኛው 2 ሚሊሜትር እንኳ አላስገባም። ሬንጅ ለዓመታት ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ይጠጥራል። ያስደሰተኝ ጥንካሬ ከዚሁ ግትርነት የመጣ ነበር፤ ግትር ንጣፍ ጎማ በሚመላለስበት መስመር እንዳይሰረጉድ ቢረዳም፣ በቅዝቃዜ ሲኮማተር ወይም ጭነት ሲደጋገምበት ሳይለጠጥ ይሰነጠቃል።

በሁለተኛው ሙከራ ለስለስ ያለ አዲስ ሬንጅ መረጥኩ፤ መጠኑንም የወሰንኩት ሁለቱን ሬንጆች ቀላቅዬ ከለካሁ በኋላ ነው። ሆኖም ይህ ስሌት አሮጌው ሬንጅ ሁሉ ቀልጦ ከአዲሱ ጋር እንደሚዋሃድ ያስባል፤ በተግባር ግን ከፊሉ እንደ ደረቀ ጠጠሩ ላይ ይቀራል፣ ድብልቁም በዚያው ልክ ሬንጅ ያጥረዋል። ውህደቱን የሚወስነው ሙቀት ነው፤ ቀድሞ የናቅሁት የተፋቀው አስፋልት ክምር እርጥበት ዋጋ ያስከፈለኝም እዚህ ላይ ነው። የተፋቀው አስፋልት ነበልባል በቀጥታ ካገኘው ሬንጁ ስለሚቃጠል፣ የሚሞቀው በጋለው አዲስ ጠጠር ነው፤ ዝናብ የጠጣ ከሆነ ግን የጠጠሩ ሙቀት ውሃውን በማትነን ያልቃል። ስለዚህ ክምሩን ጣሪያ ሠራንለት። ደቃቁንም ለብቻው ለየን፤ በክብደቱ ሲሰላ ከሻካራው የበለጠ ሬንጅና ብናኝ ስለሚይዝ፣ ሳይለይ ሲገባ በድብልቁ ውስጥ ያለውን የሬንጅና የብናኝ መጠን ከጭነት ጭነት ያለዋውጠዋል።

ውሃ መቋቋሙን ለማወቅ ከፊሎቹን ናሙናዎች በ60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን አቆይተን ከደረቁት ጋር አነጻጸርን፤ የመጀመሪያው ድብልቅ የደረቁን ጥንካሬ 80 በመቶ መያዝ ሲያቅተው ሁለተኛው አልፏል። ያም ሆኖ ግትር ድብልቅ ከቀዘቀዘ በኋላ ለሮለር አይታዘዝም፤ ከዚያ ወዲህ ከተጠቀጠቀ በኋላ ከ7 በመቶ በላይ ባዶ ቦታ የቀረበትን ንጣፍ አልቀበልም።