ለአባቴ ፒፓዎች የሠራሁት ባለ ማግኔት ማሳያ

አባቴ ሲያርፍ አምስት ፒፓዎች በጫማ ካርቶን ውስጥ ትቶ ሄደ። እኔ አላጨስም። አንድ ቀን ግን አውጥቼ በጨርቅ ስወለውላቸው፣ በእያንዳንዳቸው ጎን ላይ አውራ ጣቱ ዓመታት ሙሉ ሲያሻሸው የኖረውን ልስልስ ያለ ስፍራ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ካርቶኑ ልመልሳቸው አልቻልኩም። ማሳያ ልሠራላቸው ወሰንኩ፤ ሲሠራም አንዳቸውም እንዳይበሱ፣ እንዳይቸነከሩ፣ ኮላም እንዳይነካቸው ለራሴ ቃል ገባሁ።

አራቱ የተጠረቡት ከአስታ ነው፤ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የምናውቀው ያው አስታ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያም ይበቅላል። ፒፓ ሠሪዎች የሚፈልጉት ግንዱን ሳይሆን ከሥሩ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ የሚያብጠውን ጉብታ ነው፤ እሳት ቶሎ አይበግረውም። ከአባቴ ፒፓዎች በአንዱ አንገት ላይ በዚህ ሥራ የታወቀችው የፈረንሳይ ከተማ የሳን ክሎድ ስም ታትሟል። አምስተኛው ግን ሜርሻም ከሚባለው ነጭ ድንጋይ የተሠራ ነው። ከወደቀ የሚሰበር በመሆኑ ገና ከመጀመሪያው ከዕቅዴ አስወጣሁት።

ማግኔት እንጨት አይስብም። ተስፋ ያደረግሁት በፒፓዎቹ አንገት ላይ በተጠመጠመው የብር ቀለበት ነበር፤ ብርም ለካ ለማግኔት ደንታ የለውም። መፍትሔው የመጣው ከአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ነው። ስስ ጥብጣብ ቆርጬ በአንገቱ ልክ ቀለበት ሰፋሁለት፤ በድርቡ መካከልም አንድ የብረት ሮንዴላ ደበቅሁ። ቆዳው ፒፓውን ሳይጭር ያቅፈዋል፣ ሮንዴላው ደግሞ ማግኔቱን ይይዛል።

ማግኔቶቹን ያገኘሁት መርካቶ ምናለሽ ተራ ከገዛኋቸው የተበላሹ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስኮች ነው። በውስጣቸው ጠፍጣፋ፣ እንደ ጨረቃ የጎበጠ፣ ኒዮዲሚየም የሚባል ብረት ያለበት ኃይለኛ ማግኔት አለ። ከተጣበቀበት የብረት ሳህን ላይ በካቻቪቴ ፈልቅቄ ለማውጣት ስሞክር ሁለቱ እንደ ሸክላ ተሰባበሩ፤ ስንጣሪው ጣቴን ቆረጠኝ። ሦስተኛውን ከነሳህኑ ተውኩት። የሚገርመው እንዲያውም የተሻለ ያዘ፤ ከኋላው ያለው ብረት ወደዚያ ይባክን የነበረውን ኃይል ወደ ፊት ይመልሰዋል። የእነዚህ ማግኔቶች አንድ ፊት ሁለቱንም ዋልታዎች ጎን ለጎን ይዟል። ሮንዴላው ሁለቱ ዋልታዎች በሚገናኙበት መስመር ላይ ሲያርፍ ጥብቅ ይላል፤ ትንሽ ወደ ጎን ሲሸሽ ይላላል። ስለዚህ መስመሩን በሮንዴላው እየዳሰስኩ ፈልጌ በእርሳስ አሰመርኩበት።

ለሰሌዳው ዋንዛ መረጥኩ፤ ቀለሙ ከአስታው ጋር ይስማማል። ማግኔቶቹ ከፊት እንዳይታዩ ከጀርባ በመሮ ጉድጓድ ቆፈርኩላቸውና ከፊት 5 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት አስቀረሁ። ፒፓው ተንሸራቶ ወደቀ። ደግነቱ ከሥር ብርድ ልብስ አንጥፌ ነበር። ሰሌዳውን ይዤ ወደ ሰፈራችን አናጢ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ጉድጓዱን ምን ያህል ባጠልቀው ይሻላል?»

«ልጄ፣ መሮህን አስልና ብርሃን ሊያሳልፍ እስኪቃረብ ድረስ ላገው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። 2 ሚሊ ሜትር ሲቀር መያዣው ሌላ ሆነ። የማግኔት ጉልበት ከርቀት ጋር እንዴት ፈጥኖ እንደሚደክም ያን ቀን በእጄ ለካሁት። ከዚያ ማግኔቶቹን በኢፖክሲ አጣብቄ አንድ ሙሉ ቀን ሳልነካቸው ተውኩ። ሙቀት እንዳታስነኩ፤ ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል። ቤታችሁ ሕፃን ካለ ደግሞ የተረፉትን ቆልፉባቸው፤ ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ በመካከላቸው ተቆንጥጦ ሊበሳ ይችላል።

ሰሌዳውን ቀጥ አድርጌ ሳቆመው ከባዱ ፒፓ ሌሊቱን አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ተንሸራቶ አደረ። ማግኔት ወደ ፊት ቢጎትቱት አጥብቆ ይይዛል፤ ወደ ታች ሲንሸራተት ግን የሚያቆመው የቆዳውና የእንጨቱ ሰበቃ ብቻ ነው። ከጀርባ ድጋፍ ሰጥቼ ወደ ኋላ አጋደልኩት፣ የቆዳውንም ሻካራ ፊት ወደ እንጨቱ አዞርኩት። ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም።

እስካሁን የሚቆጨኝ ቦታውን ሳላስብበት መምረጤ ነው። የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍባቸው ያምራሉ ብዬ መስኮት አጠገብ አኖርኳቸው። በጥርስ የሚያዘው ጥቁር ጫፍ ግን ኢቦናይት ነው፤ ድኝ የተጨመረበት ጎማ። ብርሃን ሲበዛበት ይደበዝዛል። በሁለት ወር ውስጥ የሳን ክሎዱ ጫፍ አረንጓዴ የቀላቀለ ቡናማ ሆነ። በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እየነከርኩ ሦስት ምሽት ፈጋሁት፤ ጥቁረቱ ተመለሰ። ነገር ግን የአባቴ ጥርስ የተወው ስስ ምልክት አብሮ ሳሳ። እሱን መመለሻ የለኝም። ማሳያው አሁን ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ሥር ነው።

በሰሌዳው ላይ የተረፈው አምስተኛው ቦታ ባዶውን ቆይቶ ነበር። ባለፈው እሑድ እማዬ አባቴ የፒፓዎቹን ውስጥ ይፍቅበት የነበረውን ሰንጢ ከመሳቢያዋ አውጥታ መጣች። «ይሄንንስ ቆዳ ትሰፋለታለህ?» አለችኝ። ብረት ነውና አላስፈለገውም። ገና ስታስጠጋው ከእጇ ወጥቶ ጠቅ ብሎ ያዘ።