ውሮ ልትወልድ ነው

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። መተኛት ነበረብኝ፤ ግን ውሮ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ጨርቅ እየጫረች ነው፣ እኔም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ትጭራለች፣ ትዞራለች፣ ትጋደማለች፣ ወዲያው ተነስታ እንደገና ትጭራለች። በእኔ ቆጠራ ዛሬ 61ኛ ቀኗ ነው። የድመት እርግዝና በአማካይ ከ63 እስከ 65 ቀን ይፈጃል፣ ጥቂት ቀን ቀደም ወይም ዘግየት ማለትም ያለ ነው። ስለዚህ ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ከሦስት ቀን በኋላም ሊሆን ይችላል። ቁጭ ብዬ ከምጨነቅ እስካሁን የሆነውን ልጻፍ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ውሮ ገና ዓመት አልሞላትም። ማስመከን እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ «ትንሽ ትደግ» እያልኩ፣ ነገ ዛሬ ስል ጊዜው አለፈ። ድመት በ4 ወሯ እንኳ ወንድ ልትፈልግ እንደምትችል የሰማሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ሰሞን ወለሉ ላይ መንከባለል ጀመረች፣ ወገቧን ስነካት ኋላዋን ከፍ አድርጋ ጅራቷን ወደ ጎን ትጥላለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ትጮኻለች። አሟት መስሎኝ ሆዷን ሳሻሽ አድር ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ማታ በመስኮት ወጣች፤ ሁለት ሌሊት አልተመለሰችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በር ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ገባች፣ በላች፣ ተኛች፣ ጩኸቱም በዚያው ቆመ። ቀን መቁጠሪያው ላይ ያንን ቀን ከብቤዋለሁ። ስለ እርግዝና አስቤ ሳይሆን በመመለሷ ደስ ስላለኝ ነበር። አሁን የምቆጥረው ከዚያች ክብ ነው።

ድመት እንቁላል የምትለቀው ከወንድ ጋር ከተገናኘች በኋላ ነው፤ ስለዚህ እነዚያ ሁለት ሌሊቶች በቂ ነበሩ። ከአንድ በላይ ወንድ አግኝታ ከሆነ ደግሞ በአንድ ሆድ ያሉት ልጆች የተለያየ አባት ሊኖራቸው ይችላል። እሷ ግራጫ ናት። ምን ዓይነት ቀለም ይዘው እንደሚመጡ መገመት ትቻለሁ።

ያወቅኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ጀርባዋ ላይ ተንጋላ ሆዷን ሳክላት የጡቶቿ ጫፎች ሮዝ ሆነው አየሁ። በፊት ከፀጉሩ ስር ተፈልገው የማይገኙ ነበሩ። አሁን አበጥ ብለዋል፣ ዙሪያቸው ያለው ፀጉርም ሳሳ ብሏል። በተለይ የመጀመሪያ እርግዝና ላይ ይህ በደንብ የሚታይ ምልክት ነው ይላሉ። ሆዷን ተጭኜ ልጆቹን ልፈልግ ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው የእንስሳት ሐኪሙ በስልክ «አትንኪያት፣ ልትጎጂያቸው ትችያለሽ፣ ይዘሻት ነይ» አሉኝ። አልትራሳውንዱ ስክሪን ላይ ጥቁር ከረጢት የመሰለ ነገር ታየ፣ መሃሉ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር፣ እሷ ውስጥ ደግሞ ብልጭ ድርግም የምትል ነጥብ። «ልቡ ነው» አሉኝ። ውሮ ጠረጴዛው ላይ ጆሮዎቿን አጥፋ ተናድዳ ተቀምጣለች። እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ።

አልትራሳውንድ ሕይወት እንዳላቸው ለማየት ጥሩ ነው፤ ለቁጥር ግን ብዙም አያስተማምንም። ቁጥሩን የሚናገረው ራጅ ነው፣ እሱም ዘግየት ተብሎ፣ አጥንታቸው ከጠነከረ በኋላ። ባለፈው ሳምንት በ55ኛው ቀኗ ተነሳች። ሦስት ትንንሽ ጭንቅላት፣ ሦስት እንደ ዶቃ የተደረደረ አከርካሪ። ቁጥሩን ማወቅ የፈለግኩት ለጉጉት አይደለም። ሁለት ወልዳ ብታቆም አንድ እንደቀረ ማወቅ አለብኝ።

ምግቧን ቶሎ ነው የቀየርኩት። ያረገዘች ድመት የሚያስፈልጋት ለሚያድጉ ትንንሽ ድመቶች የሚዘጋጀው ምግብ ነው፣ ፕሮቲኑም ጉልበቱም ከፍ ያለ ስለሆነ። አንድ ሳምንት ያህል ከድሮው ጋር እየቀላቀልኩ አሸጋገርኳት፤ ድንገት ቢለወጥባት ሆዷ ይታወክ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሁለት ቀን አስመለሳት፣ ምግብም ጠላች። በጣም ደነገጥኩ፤ ግን በራሱ አለፈ። አሁን ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ልጆቹ ቦታውን ስለያዙት ጨጓራዋ ብዙ አይችልም። በቀን አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ እሰጣታለሁ፣ ሌሊትም ሳህኗ ባዶ አይሆንም። የላም ወተት አልሰጣትም፤ ለብዙ አዋቂ ድመቶች አይስማማም፣ ያስቀምጣቸዋል። ካልሲየም ግዢላት ብለው የመከሩኝም አሉ። ሐኪሙን ስጠይቃቸው አጥብቀው ከለከሉኝ። በእርግዝና ጊዜ ካልሲየም ከውጭ ከተጨመረላት ሰውነቷ ከራሷ አጥንት ማውጣትን ይዘነጋዋል፣ ስታጠባ ድንገት ሲያንሳት ደግሞ መንቀጥቀጥ፣ ከባሰም ሞት ሊያመጣ ይችላል። ደህና ምግብ ከበላች በቂዋ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። በአምስተኛው ሳምንት አንገቷ ላይ ቁንጫ አገኘሁ። ቤት ውስጥ ለውሻ የተገዛ የቁንጫ መድኃኒት ነበረ፣ ክዳኑን ሁሉ ከፍቼ ነበር። ከዚያ ላንብበው አልኩና ውስጡ ፐርሜትሪን የሚባል ነገር እንዳለ አየሁ። ለውሻ ምንም አይደለም፤ ድመትን ግን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። እጄ ላይ ጠርሙሱን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ፓራሲታሞልም እንዲሁ ነው፤ ለእኛ የራስ ምታት የምንውጣት አንዲት ፍሬ ድመትን ልትገድል ትችላለች። እባካችሁ፣ ሐኪም ሳትጠይቁ ለድመት ምንም ነገር አትስጡ፣ ያረገዘች ከሆነች ደግሞ ጭራሽ አታስቡት። ቁንጫውን በጥሩ ማበጠሪያ አበጥሬ አበጥሬ አወጣሁላት፤ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

አሁን እንድትወልድበት ወዳዘጋጀሁላት ካርቶን። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ደከምኩበት። ሰፊ ነው፣ ተዘርግታ የምትተኛበት። በአንድ በኩል መግቢያ ቆረጥኩለት፣ ከስር ግን የአንድ ጣት ተኩል ርዝመት ያህል ከፍታ ተውኩ፣ እሷ ተሻግራ እንድትገባ፣ ልጆቹ ግን ተንከባለው እንዳይወጡ። ጋዜጣ አነጠፍኩ፣ ከላይ ያረጀ አንሶላ አጥፌ አደረግኩ። ፎጣ ትቻለሁ፤ ክሩ የትንንሾቹን ጥፍር ስለሚይዝ። መኝታ ቤቱ ጥግ፣ ሰው የማያልፍበት፣ ብርሃን የማይበዛበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ውሮ መጣች፣ አንዴ አሸተተችው፣ ሄደች። በምግብ አባበልኳት፣ ተሸክሜ አስገባኋት፣ ወጣች። ይህ ሦስት ቀን ቀጠለ። በአራተኛው ቀን ጠፋችብኝ። ቤቱን ሳስስ ቁም ሳጥኑ ግርጌ፣ ከጫማዎቹ ኋላ፣ የድሮ ሹራቤ ላይ ተኝታ አገኘኋት።

ለእናቴ ደውዬ አማረርኩ። ሳቀች። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሆነብሽ እኮ! ተያት፣ የምትወልድበትን እሷ ታውቃለች።»

ልክ ነበረች። ስልኩን ዘግቼ ጫማዎቹን በሙሉ አወጣሁ። ካርቶኑን ጎኑን ቆርጬ አሳንሼ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት፣ ሹራቤንም አንሶላው ላይ አነጠፍኩላት። በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። ያን ዕለት ማታ ራሷ ገብታ አደረች። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝግጅት ማለት ለእሷ መወሰን ይመስለኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ብዙውን ጊዜ የማደርገው ቁጭ ብዬ ማየት ነው። የት እንደምትተኛ፣ ስንቴ እንደምትበላ፣ ሽንቷ እንዴት እንደሆነ አያለሁ። መጸዳጃ አሸዋዋን ወደ መኝታ ቤቱ አቀረብኩላት፤ ጠርዙ ከፍ ያለውን ትቼ ዝቅ ባለ ሳህን ቀየርኩት፣ ሆዷ እየከበዳት ስለነበር።

በስምንተኛው ሳምንት አካባቢ አንድ ማታ አጠገቤ ተጋድማ እጄን ጎኗ ላይ አሳርፌ ነበር። ከመዳፌ ስር አንድ ነገር ተላወሰ። እንደ ዓይነ ስውር ጣት፣ ግድግዳ እየዳሰሰ እንደሚሄድ። ቆመ፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደገና ገፋኝ። ውሮ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። እጄ እስኪደነዝዝ ሳላንቀሳቅስ ቆየሁ።

መስኮቶቹ ከዘጠነኛው ሳምንት ወዲህ ዝግ ናቸው። ልትወልድ ስትል ወጥታ የማላገኛት ቦታ እንዳትሄድብኝ ነው፤ ከወለደችም በኋላ ዝግ ይሆናሉ። ድመት እያጠባች እንኳ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ልጆቹ ጡት ሲተዉ ወዲያው አስመክናታለሁ፣ ሐኪሙንም ነግሬያቸዋለሁ። በዚህኛው ነገ ዛሬ የለም።

ቁም ሳጥኑ በር ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ በድንጋጤ ሰዓት ያወቅኩትን ሁሉ እንደምረሳ ስለማውቅ። ከላይ የሐኪሙ ስልክ ቁጥር ነው፣ የሌሊቱም ጭምር። ከዚያ መቼ እንደምደውል ጽፌያለሁ። አጥብቃ እያማጠች ግማሽ ሰዓት አልፎ ምንም ካልወጣ። ልጅ ከፊሉ ታይቶ ከቀረ። ደም በብዛት ከፈሰሳት፣ ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካየሁ። ከዚያ ውጭ ግን መታገስ ነው። የምጡ መጀመሪያ፣ ያ መቁነጥነጡና ማለክለኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወልድ አንድ ቀን ሙሉ ሊሄድ ይችላል። በሁለት ልጆች መካከል አሥር ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሰዓትም፤ አንዳንዷ ደግሞ መሃል ላይ አርፋ፣ አጥብታ፣ በልታ ነው የምትቀጥለው። ኩርርር ስላለችም ተመችቷታል ማለት አይደለም፤ ድመት ሲያማትም ኩርርር ትላለች። ይህን ሳላውቅ ስንቴ ተሳስቼ ይሆን ብዬ አስቤያለሁ።

ሙቀቷንም ልለካ ሞክሬ ነበር። የድመት ሙቀት በደህናው ጊዜ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ37.8 ዝቅ ካለ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ትወልዳለች። ቴርሞሜትሩ ግን የሚገባው በፊንጢጣዋ ነው። አንዴ ሞከርኩ፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ቀን አልጋ ስር ገብታ ቀረች፣ እኔን ስታይ ትሸሻለች። ተውኩት። የእሷ እምነት ከቁጥሩ ይበልጥብኛል።

ትሪው ላይ ሁሉም ተዘጋጅቷል። ንጹህ ጨርቆች፣ የተቀቀለ መቀስ፣ ክር፣ ጓንት፣ በጨርቅ የሚጠቀለል የሙቅ ውሃ ጠርሙስ፣ የወጥ ቤት ሚዛን። ልጁ በሽፋኑ ውስጥ ሲወጣ እሷ ራሷ ቀድዳ ትልሰዋለች፣ እትብቱንም በጥርሷ ትቆርጣለች። ግራ ገብቷት ዝም ካለች ብቻ ነው የምገባው፤ ሽፋኑን ከአፍንጫው ላይ እገፋለታለሁ፣ በጨርቅ አሽቼ እንዲተነፍስ አደርጋለሁ፣ እትብቱን ከሆዱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርጌ በክር አስራለሁ። እንግዴ ልጁንም እቆጥራለሁ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ። ብትበላው ምንም አይደለም። ሚዛኑ ለነገ ነው። ሲወለዱ 100 ግራም አካባቢ ናቸው፤ ከዚያ በየቀኑ ቢያንስ አሥር ግራም መጨመር አለባቸው። ዓይናቸው ሳይገለጥ፣ ጆሮአቸው ሳይሰማ፣ ራሳቸውን እንኳ ማሞቅ ሳይችሉ ነው የሚመጡት።

እፈራለሁ። ትንሽ ናት። ባለፈው ዓመት በአንድ እጄ ነበር የማነሳት።

መጫሩ ቆሟል። አሁን ተነስቼ አየኋት። የስልኬን ብርሃን በእጄ ጋርጄ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ። ሹራቡን ከታች ሰብስባ ጎድጓዳ አድርጋዋለች፣ መሃሉ ላይ ተጋድማለች። ማታ የሰጠኋትን ምግብ አልነካችውም። እጄን ዘረጋሁላት፣ አሸተተችኝ፣ ከዚያ አገጯን መዳፌ ላይ ጣለችው። ከኋላ ባለችው ጡቷ ጫፍ ላይ ነጭ ጠብታ አለች። ማታ አልነበረችም።

ትራሴን ወደ ቁም ሳጥኑ በር ላመጣው ነው።