የጤና ጣቢያ ስም ልታስቀይሩ ነው? ማህተሙን አስቀድሙ

ከአዲስ አበባ ዳር ነው የምንኖረው። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ በአንዲት ነርስ ስም እንዲጠራ ያስደረገው ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ሲስተር የጦር ሜዳ ነርስ ነበሩ። ሠራዊቱ በ1983 ሲበተን ወደዚህ መጡ፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚሁ ሠሩ። ሰፈራችን የቀድሞ ወታደር የበዛበት ነው። የስንቱን ቁስል ያጠቡት፣ የልጅ ልጆቹንም የከተቡት እሳቸው ናቸው።

ፊርማ ማሰባሰቡ ቀላል ነው። ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ የቤተሰቡን ስምምነት በጽሑፍ ተቀበሉ። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ስታስገቡ ቁጥር ሳትይዙ እንዳትወጡ።

አንድ ወጣት ኃላፊ «ጋሼ፣ የጤና ተቋም በግለሰብ ስም አይሰየምም» አለኝ። «ዘውዲቱስ? ራስ ደስታስ? አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግስ?» አልኩት። «እነሱ እኮ ታዋቂ ናቸው» ብሎኝ አረፈው! ለማንኛውም ጸደቀ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ምርቃቱ ይቅደም፣ ማህተሙ ይደርሳል» ተባልን። ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ታፔላው ተቀየረ፣ የወረቀቱ አናትም ተቀየረ። ማህተሙ ግን ያው የድሮው።

ጎረቤቴ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ታሞ ሰነበተና የሕመም ፈቃዱን ይዞ ሄደ። የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። «ከላይ ሌላ ስም፣ ከታች ሌላ ማህተም። ፎርጅድ ነው» አለችው። ደመወዙ ተቆረጠ። ሪፈር የተጻፈላት ነፍሰ ጡር ደግሞ ሆስፒታል በር ላይ «አጽፈሽ ተመለሽ» ተባለች። በዚያ ሆዷ፣ በዚያ ታክሲ! የጤና መድን ያላቸውም ተጉላሉ። አንዲት እናት «እናከብራቸዋለን ብላችሁ ስማቸውን አስረገማችሁት» አሉን። ምን መልስ አለው?

አዲስ ማህተም እናስቀርጽ ስንል ቀራጩ ደብዳቤ ጠየቀ። ልክ ነው፣ መጠየቅ አለበት። ደብዳቤ የሚጽፈው ቢሮ ደግሞ «በቅድሚያ አሮጌው ይመለስ» አለ። አሮጌው ከተመለሰ ጤና ጣቢያው በምን ይሥራ? ኃላፊው ስብሰባ፣ ምክትሉ ስልጠና፣ ጸሐፊዋ ሻይ ላይ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ያወጣን አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ስሙ መለወጡን የሚገልጸው ደብዳቤ ኮፒ ከእያንዳንዱ የሕመም ፈቃድና ሪፈር ጋር እንዲያያዝ መከረን። አዲሱ ማህተም እስኪመጣ በዚያ ተንፏቀቅን።

ስለዚህ ምርቃት ይቅደም ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ማህተሙ በእጃችሁ ሳይገባ ታፔላ አትስቀሉ። ባለሥልጣን ሪባን ለመቁረጥ ከቸኮለ ይቸኩል፤ በኋላ የሚጉላላው እሱ አይደለም። ለሪፈር ተቀባይ ሆስፒታሎች፣ ለመድኑና ለባንኩ ቀድማችሁ በደብዳቤ አሳውቁ። በፖስታ አትላኩ፣ በእጃችሁ አድርሱና ኮፒው ላይ አስፈርሙ።

የመብራት ቢሉ እስከ ዛሬ በድሮው ስም ነው የሚመጣው። እሱን ለቀጣዩ ኮሚቴ ትቼዋለሁ።